ሐበሻው ጎረቤትና የሮዝ ፖስታው ምስጢር

የመርማሪ ታሪክ ሲባል ሁላችንም የምናውቀው መልክ አለው። አንድ ወንጀል ይፈጸማል፤ ብልህ መርማሪ ይጠራል፤ ዱካ ይከተላል፤ መጨረሻ ላይ ተጠርጣሪዎቹን በአንድ ክፍል ሰብስቦ ጣቱን ወደ ጥፋተኛው ይቀስራል። አንባቢውም ሆነ ተመልካቹ እፎይ ብሎ ይነሣል። በአማርኛም ቢሆን ይህ ዘር እንግዳ አይደለም። ይልማ ሀብተየስ የወንጀል ምርመራ ልብ ወለዶችን ጽፎልናል፤ ማሞ ውድነህም የስለላ ታሪኮችን እየተረጎመ አንድ ትውልድ አንባቢ አፍርቷል። በዚህ ጽሑፍ የማነሣው ፊልም ግን ይህን ሁሉ ሥርዐት የሚያፈርስ፣ ወንጀል የሌለበት፣ መርማሪው ከቤቱ የማይወጣበት፣ ምስጢሩም ሳይፈታ የሚያልቅ ነው። ከሁሉም የሚገርመው ደግሞ መርማሪው ኢትዮጵያዊ መሆኑ ነው።

ፊልሙ አሜሪካዊው ጂም ጃርሙሽ ጽፎ ያዘጋጀው «ብሮክን ፍላወርስ» ነው። በግንቦት ወር 2005 በፈረንሳይ በካን የፊልም ፌስቲቫል ቀርቦ ከዋናው ሽልማት ቀጥሎ የሚገኘውን የግራን ፕሪ ሽልማት አግኝቷል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ፊልሙ ከወጣ ከሃያ ዓመት በላይ አለፈው። ሆኖም እኛ አማርኛ አንባቢዎች፣ በተለይም በገዳሪፍና በአካባቢው ያለን፣ ከሌላው ተመልካች ይልቅ የምናነበው ነገር አለው ብዬ ስለማምን ታሪኩንና የኋላ ታሪኩን እነሆ አቅርቤአለሁ።

ታሪኩ ባጭሩ

ዶን ጆንስተን በኮምፒውተር ሥራ ገንዘብ ያገኘ፣ ዕድሜው የገፋ፣ ሚስት ያላገባ ሰው ነው። የሚጫወተው ቢል መሪ ነው። አብራው የምትኖረው ሴት ጥላው በምትሄድበት ዕለት አንድ ደብዳቤ ይደርሰዋል። ፖስታው ሮዝ፣ ወረቀቱም ሮዝ፣ ጽሑፉ በታይፕራይተር የተመታ ነው። ፊርማ የለውም። ከሃያ ዓመት በፊት የተለያት አንዲት ሴት እንደ ጻፈችው ይናገራል፤ የ19 ዓመት ልጅ እንዳለው፣ ልጁም አባቱን ፍለጋ ሳይወጣ እንዳልቀረ ይነግረዋል።

ዶን ደብዳቤውን ጥሎ ሶፋው ላይ መቀመጥ ይመርጣል። ጎረቤቱ ዊንስተን ግን አያስቀምጠውም። በጄፍሪ ራይት የተወከለው ዊንስተን ከኢትዮጵያ የመጣ፣ ሦስት ሥራ የሚሠራ፣ አምስት ልጆች የሚያሳድግ፣ የመርማሪ ልብ ወለድ ፍቅር ያደረበት ሰው ነው። ዶንን ተጭኖ የአምስት ሴቶች ስም ዝርዝር ያጽፈዋል፤ አድራሻቸውን በኢንተርኔት ያፈላልጋል፤ የአውሮፕላን ትኬት ይቆርጥለታል፤ መኪና ይከራይለታል፤ ካርታ አትሞ ይሰጠዋል። «ሮዝ አበባ ይዘህ ሂድ፤ ታይፕራይተር ካለ ልብ ብለህ እይ» የሚል መመሪያም ይጨምርለታል። ለመንገዱ እንዲሆነው ደግሞ አንድ ሲዲ ይሰጠዋል። በሲዲው ላይ ያለው የሙላቱ አስታጥቄ ሙዚቃ ነው።

ዶን አራቱን ሴቶች ይጎበኛል፤ አምስተኛዋ ሞታለችና መቃብሯ ላይ አበባ ያኖራል። ሮዝ ቀለም በየደረሰበት ያጋጥመዋል። እዚህ ላይ የፊልሙ ቀልድ ይገለጣል፤ ዱካ የሚጠፋው ሲያንስ ብቻ አይደለም፤ ሲበዛም ይጠፋል። ዶን ተደብድቦ፣ ደክሞ፣ ምንም ሳያውቅ ይመለሳል። በመጨረሻ በሰፈሩ ያገኘውን አንድ መንገደኛ ወጣት ልጁ መስሎት ያነጋግረዋል፤ ወጣቱ ደንግጦ ይሮጣል። ሌላ ወጣት በመኪና ውስጥ ሆኖ አፍጥጦ እያየው ያልፋል። ዶን በመንገዱ መካከል ቆሞ ይቀራል፤ ፊልሙም በዚያው ያበቃል። ብዙ ተመልካች «ታዲያ የጻፈችው ማን ናት?» እያለ ከአዳራሹ ወጥቷል።

«ወፍ ነገረችኝ»

ለመሆኑ እንዲህ ያለ ፊልም ለምን ይወደዳል? የምዕራባውያን ሐያስያን ብዙ ጊዜ የሚያነሡት የዳይሬክተሩን ዝግታና የተዋናዩን ዝምታ ነው። እኔ ግን መልሱን ከራሳችን ታሪክ መጀመር እመርጣለሁ።

የለመድነው የምዕራቡ መርማሪ ብቸኛ ሰው ነው። ቢሮ አለው፤ ደንበኛ ይመጣለታል፤ ክፍያ ይቀበላል። በቀድሞው የኢትዮጵያ ገጠር ግን ምርመራ የአንድ ሰው ሥራ አልነበረም። ከብት ቢሰረቅ፣ ቤት ቢቃጠል፣ ሰው ቢገደልና አድራጊው ባይታወቅ አውጫጭኝ ይጠራ ነበር፤ በአንዳንድ አካባቢ አፈርሳታ ይባላል። የአገሩ ሰው በአንድ ሜዳ ይሰበሰባል፤ እውነቱ እስኪወጣ ድረስም ወደ ሥራው አይመለስም። እርሻው እየጠበቀው፣ ከብቱ እየጮኸበት ይቀመጣል። ጥፋተኛውን የሚጠቁመው ሰው ስሙ እንዳይገለጥ «ወፍ» ይባላል፤ «ወፍ ነገረችኝ» ከተባለ ወፏ ማን ናት ብሎ መጠየቅ ነውር ነበር። ሌባ ሻይም ነበር፤ መድኃኒት የጠጣ ልጅ እየሮጠ ሄዶ የወደቀበት ቤት የሌባው ቤት ነው ይባላል። ብዙ ንጹሕ ሰው የተጎዳበት ልማድ ነበርና ዘመናዊ ሕግና ፖሊስ ሲስፋፋ ቀርቷል።

በዚህ ዐይን ፊልሙን ብናየው ፊርማ የሌለው ሮዝ ደብዳቤ ወፍ ነው። ነገሩን ይናገራል፤ ተናጋሪውን ይሰውራል። ዊንስተንም የቢሮ መርማሪ ሳይሆን የአውጫጭኝ ሰው ነው። ነገሩ የእርሱ አይደለም፤ የሚከፍለውም የለም፤ ነገር ግን የጎረቤት ጉዳይ የራስ ጉዳይ ነው ብሎ ስለሚያምን እውነቱ ሳይወጣ አይቀመጥም፤ ሌላውንም አያስቀምጥም። አሜሪካዊ ተመልካች «ይህ ሰው ምን አገባው?» ብሎ ይስቃል። እኛ የምንስቀው በሌላ ምክንያት ነው፤ ሰውየውን ስለምናውቀው። ለቅሶ ላይ ድንኳን የሚያስተክለው፣ ለሠርግ የጥሪ ወረቀት የሚያዞረው፣ የታመመ ጎረቤቱን አዝሎ ሐኪም ቤት የሚያደርሰው ሰው በየመንደራችን አለ። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል» የተባለውም ለእርሱ ነው።

መርማሪ ወይስ ተመራማሪ?

ትርጉም ሥራዬ ስለ ሆነ ይህን ፊልም በአማርኛ ለማሰናዳት ቢፈለግ ምን ይገጥማል ብዬ ማሰብ አልተውም። የመጀመሪያው ችግር «ዲቴክቲቭ» የሚለው ቃል ነው። አማርኛው «መርማሪ» ነው። ይሁን እንጂ በደርግ ዘመንና ከዚያም በኋላ «ምርመራ» ማለት ለብዙ ቤተሰብ ማዕከላዊ ማለት ነበር፤ ከዚያ የተመለሰ ሰው ቃሉን እንደ ጨዋታ አይሰማውም። ዊንስተን በዚህ ትርጉም መርማሪ አይደለም። ከዚያው ሥር የወጣው «ተመራማሪ» ይሻለዋል፤ የሚያስጨንቅ ሳይሆን የሚጨነቅ፣ ሰውን ሳይሆን ነገሩን የሚያገላብጥ ነውና።

ሁለተኛው አርእስቱ ነው። ቃል በቃል «የተሰበሩ አበቦች» ይሆናል። በአማርኛ ግን አበባ አይሰበርም፤ ይቀጠፋል፣ ይጠወልጋል፣ ይረግፋል። «የተቀጠፉ» ብንል ወይም «የረገፉ» ብንል የአብዮቱ ዘመን ወጣቶች ወዲያው ፊታችን ይቆማሉ፤ ለቀልድ ፊልም ከባድ ሸክም ነው። ቢሆንም ስለ ጠፋ ልጅ ለሚናገር ታሪክ ፈጽሞ ባዕድ አይደለም።

ሦስተኛው ከሁሉም ይረቃል። ዊንስተን ዶንን ምን ብሎ ይጥራው? በእንግሊዝኛ ሁለቱም «ዩ» ተባብለው ያልፋሉ። ተዋናዮቹን ብናይ ቢል መሪ በ1950፣ ጄፍሪ ራይት በ1965 ተወለዱ፤ የ15 ዓመት ልዩነት አለ። ሐበሻ የሆነ ሰው በ15 ዓመት የሚበልጠውን ጎረቤቱን «ዶን» ብሎ በባዶ ስሙ አይጠራም፤ «ጋሽ ዶን» ይለዋል። ይህች አንዲት ቃል ስትገባ ፊልሙ ይለወጣል። ነገር አዋቂ ጎረቤት መሆኑ ቀርቶ ታላቁን ከሶፋው ለማንሣት የሚማጸን ታናሽ ወንድም ይሆናል። ለእኔ የፊልሙ ሙቀት ያለው እዚህ ላይ ነው።

ሲዲው ከየት መጣ?

ዊንስተን የሰጠው ሲዲ ራሱ ዱካ ነው፤ ተከትለነው ብንሄድ አዲስ አበባ ያደርሰናል። ሙላቱ አስታጥቄ በ1943 በጅማ ተወለደ። ለትምህርት ወደ ዌልስ ተልኮ፣ በለንደን በትሪኒቲ የሙዚቃ ኮሌጅ፣ በኋላም በቦስተን በበርክሊ ተማረ። በ1966 በኒው ዮርክ «አፍሮ ላቲን ሶል» የተሰኙ ሸክላዎቹን አወጣ። የኢትዮጵያን አምስት ድምፅ ያላቸውን ቅኝቶች ከጃዝ ስምምነትና ከላቲን ምት ጋር አጋብቶ ኢትዮ ጃዝ ያለውን ስልት ይዞ አገሩ ገባ።

በዚያ ዘመን ሸክላ የማሳተም መብት ከ1948 ጀምሮ በንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ነበር። አምሃ እሸቴ የተባለ ወጣት ነጋዴ በ1969 ይህን ክልከላ ተላልፎ አምሃ ሪከርድስን አቋቋመ፤ እስከ 1975 ድረስ ከ100 በላይ ነጠላ ሸክላዎችን አሳተመ። በእነዚያ ጥቂት ዓመታት የአዲስ አበባ ሌሊት ሞቆ ነበር። በ1973 ዱክ ኤሊንግተን ኦርኬስትራውን ይዞ አዲስ አበባ ሲመጣ ሙላቱ አብሮት ሠርቷል። በ1974 አብዮቱ መጣ፤ ሰዓት እላፊ ታወጀ። ባንዶች የሚጫወቱበት ሌሊት ከሕዝቡ ተወሰደ። አምሃ ተሰደደ፤ ሙላቱ አገሩ ቀረ፤ ሸክላዎቹም በየሣጥኑ ተቀመጡ። አምሃ በ2021 ዐርፏል።

ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ በ1980ዎቹ እነዚህን ሸክላዎች ማሰስ ጀመረ። በመጨረሻም «ኤትዮፒክስ» የተባለውን ተከታታይ ሲዲ ማሳተም ቻለ፤ በ1998 የወጣው 4ኛው ቅጽ በ1969 እና በ1974 መካከል የተቀዱ የሙላቱ ሥራዎችን የያዘ ነው። ጃርሙሽ በፊልሙ የተጠቀመባቸው «የግሌ ትዝታ»፣ «የከርሞ ሰው» እና «ጉበልዬ» በዚሁ ቅጽ ይገኛሉ። ከፊልሙ በኋላ ሙላቱ በዓለም መድረኮች ተፈላጊ ሆነ፤ በ2010 ናስና ዴሚያን ማርሊ «የግሌ ትዝታ»ን ለራሳቸው ዘፈን ተጠቀሙበት፤ በ2012 በርክሊ የክብር ዶክትሬት ሰጠው። ያ ሙዚቃ ሠላሳ ዓመት ያህል ዝም ከተሰኘ በኋላ በአንድ ልብ ወለዳዊ ጎረቤት እጅ ወደ ዓለም ወጣ ማለት ይቻላል።

ለገዳሪፍ ሰው ደግሞ ይህ ድምፅ በፊልም አልመጣለትም። የሱዳን ዜማም እንደ እኛው በአምስት ድምፅ ላይ የቆመ ነው። መሐመድ ወርዲና ሰይድ ኸሊፋ በኢትዮጵያ፣ ጥላሁን ገሠሠ በሱዳን ያለ አስተርጓሚ የተደመጡት ስለዚህ ነው።

ሃያ ዓመት፣ ሁለት ምስሎች

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ እንምጣ። ጥቅምት 23 ቀን 1984 (እንደ ፈረንጆች ኦክቶበር) የቢቢሲ ቴሌቪዥን ከኮረም የተቀረጸውን የመሐመድ አሚንን ምስል አሳየ። በሐምሌ ወር 1985 የላይቭ ኤይድ ዝግጅት ያንን ምስል በዓለም ሁሉ አዳረሰው። ከዚያ በኋላ «ኢትዮጵያዊ» የሚለው ቃል በምዕራባውያን አእምሮ ውስጥ አንድ መልክ ብቻ ያዘ፤ ስም የሌለው፣ የሚጠብቅ፣ እጁን የዘረጋ ሰው። ያ ሰው ከየት እንደ መጣ፣ ምን ይዘፍን እንደ ነበር፣ ማንን ያስቅ እንደ ነበር የጠየቀ ጥቂት ነው።

ልክ በሃያ ዓመቱ ጃርሙሽ ሌላ መልክ አሳየ። በእርሱ ፊልም የተራበው ኢትዮጵያዊው አይደለም፤ ቤት፣ ገንዘብና መኪና ያለው አሜሪካዊ ነው። ዶን የተራበው ሰው ነው፤ ቤቱ ጸጥ ያለ፣ አበባው የጠወለገ። የዊንስተን ቤት ግን በልጅና በጫጫታ የተሞላ ነው። የሚሰጠው ዊንስተን፣ የሚቀበለው ዶን ነው። ይህን ግልባጭ ፊልሙ አንድም ጊዜ አያብራራውም፤ ስብከትም አይጨምርበትም። ጥንካሬው እዚያ ላይ ነው።

ነቀፋ የለበትም ማለቴ አይደለም። ዊንስተን የሚለው ስም ራሱ ለኢትዮጵያዊ የሚመች አይደለም፤ ተዋናዩም አሜሪካዊ ነው። ሰውየው ከየትኛው አውራጃ እንደ መጣ፣ በምን ምክንያት እንደ ወጣ አይነገረንም። የሌሎችን ምስጢር እንዲፈታ ተፈቅዶለት የራሱ ታሪክ ግን ተዘግቶ ይቀራል። ይህን ክፍተት ግን በታሪክ መሙላት እንችላለን።

ዊንስተን በየት በኩል አለፈ?

እስቲ እኛም እንደ ዊንስተን ዱካ እንከተል። አንድ ኢትዮጵያዊ በ2005 በአሜሪካ የከተማ ዳር ቤት ገዝቶ አምስት ልጆች የሚያሳድግ ከሆነ መቼ ገባ? አሜሪካ በ1980 አዲስ የስደተኞች ሕግ ካወጣች በኋላ በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ተቀብላለች፤ ብዙዎቹ የመጡት ከሱዳን ነው። ከጎንደር በመተማና በገላባት፣ ከሑመራ በሐምዳይት፣ ከዚያም በገዳሪፍና በከሰላ አድርገው ካርቱም ደርሰዋል። ኡም ራኩባ የተባለው መጠለያ በ1980ዎቹ በኢትዮጵያውያን የተሞላ ነበር፤ በ1984 መጨረሻ ቤተ እስራኤላውያን በምስጢር ወደ እስራኤል የተጓጓዙትም ከእነዚሁ የገዳሪፍ መጠለያዎች ነው። ጄፍሪ ራይት በ1985 የ19 ዓመት ወጣት ነበር። በተዋናዩ ዕድሜ ብንለካው ዊንስተንም ድንበር ያቋረጠው በዚያው ዕድሜ ሊሆን ይችላል፤ ደብዳቤው የሚያወራለት ልጅ በነበረበት ዕድሜ ማለት ነው። ይህ የእኔ ግምት ነው፤ ፊልሙ አይናገረውም። ነገር ግን እንዲህ ብናስበው ለማያውቀው ልጅ ያን ያህል የሚጨነቅበት ምክንያት ይገባናል። መንገድ ላይ የወጣ የ19 ዓመት ልጅ ምን እንደሚገጥመው ያውቃላ!

ይህ ሁሉ ለእኛ የሩቅ ታሪክ አይደለም። በኖቬምበር 2020 ጦርነቱ ሲነሣ በሉግዲ በኩል የተሻገረው ሕዝብ መጀመሪያ ያረፈው በመንደር 8 ነበር፤ ኡም ራኩባም እንደገና ተከፈተ። አባት በአንድ መሻገሪያ፣ ልጅ በሌላ መሻገሪያ የገባበት ቤተሰብ ብዙ ነው። የቀይ መስቀልና የቀይ ጨረቃ ሠራተኞች የተለያዩ ዘመዳሞችን ለማገናኘት ሠርተዋል። በኤፕሪል 2023 ደግሞ በሱዳን ራሱ ጦርነት ተነሣ፤ ያስጠጋን ሕዝብ ራሱ ተፈናቃይ ሆኖ ወደ ገዳሪፍ መጣ። በዚህ አካባቢ «ልጅህ ሊፈልግህ ወጥቷል» የሚል ቃል የፊልም ድርሰት ብቻ አይደለም።

በቅኝቱ ውስጥ ያለው መልስ

እንግዲህ ያልተፈታ ምስጢር ለምን ይወደዳል ወዳልነው ጥያቄ እንመለስ። የተለመደው የመርማሪ ታሪክ የሚያጽናናን ሁሉም ነገር መልስ አለው ብሎ ነው። ሕይወታቸው ያልተመለሰ ጥያቄ ላላቸው ሰዎች ይህ ማጽናኛ አንዳንዴ ስድብ ይመስላል። «ብሮክን ፍላወርስ» እንዲህ አያታልልም። የሚለው ይህን ያህል ነው፦ ላታገኘው ትችላለህ፤ መፈለግህ ግን ከሶፋው አንሥቶሃል። ዶን በመጨረሻ በሚያልፍ ወጣት ሁሉ ፊት ላይ ልጁን ማየት ይጀምራል። ምስጢሩ አልተፈታም፤ ሰውየው ግን ተፈታ።

እዚህ ላይ ለአማርኛ ተናጋሪ ብቻ የተቀመጠ የሚመስል አንድ ዱካ አለ። ዶን በመጨረሻ ለወጣቱ የሚሰጠው ምክር ያለፈው አልፏል፣ የሚመጣውም ገና አልመጣም፣ ያለን ዛሬ ነው የሚል ነው። በመንገዱ ሁሉ በመኪናው ሲያዳምጥ የቆየው ሙዚቃ ደግሞ ምን ይባል ነበር? አንዱ «የግሌ ትዝታ» ነው፤ ያለፈው፣ የብቻ የሆነው። ሌላው «የከርሞ ሰው» ነው፤ ለሚመጣው ዓመት የሚደርሰው። ዶን ከትዝታና ከከርሞ መካከል መኪና ሲነዳ ሰነበተ፤ የደረሰበትንም ቃል አርእስቶቹ አስቀድመው ይዘውት ነበር። ዳይሬክተሩ ትርጉማቸውን ዐውቆ መረጣቸውም አላወቀም፣ ፊልሙን ከሌላው ሕዝብ ይልቅ እኛ ጠልቀን ልናነበው እንችላለን። ዘፈን አልባው ዜማ ለሌላው ስሜት ብቻ ነው፤ ለእኛ ቃልም አለው።

አባቶቻችን ዓመት ሲለወጥ፣ ሰው ከሰው ሲለያይ የሚመርቁት ምርቃት አለ። የጠፋው ተገኘ ብሎ አይዋሽም፤ የጠፋው ይረሳ ብሎም አይጨክንም። ለመፈለግ የሚያስፈልገውን ጊዜ ብቻ ይለምናል፦ የከርሞ ሰው ይበለን።